የአባቴ ቮልስ፦ የሞተር ክፍሉን ቀለም ፍለጋ

ኅዳር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ ከማንጎው ሥር ገፍተን አወጣናት። አባቴ ካረፈ ወዲህ አምስት ክረምት እዚያው ቆማለች። እ.ኤ.አ. የ1965 ሞዴል ቮልስ ናት፤ ሞተሯ 1192 ሲሲ፣ ጉልበቷ 34 ፈረስ፣ መብራቷም ባትሪዋም ባለ 6 ቮልት። ቤታችን ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ነው፣ ከጣና ብዙም አይርቅም። የሐይቁ እርጥበት ለሰው ደስ ይላል፤ ላሜራን ግን ሌሊት ሌሊት ይበላዋል።

ሞተሩ ደህና ነው። ባለፈው ሳምንት ቤንዚኑን ቀይሬ፣ ካንዴላዎቹን ጠርጌ ባስነሳው ጥቂት አንገራግሮ ተነሣ። ልቤን የሰበረው የኋላውን ኮፈን ከፍቼ ግድግዳውን ሳየው ነው። ዘይትና አቧራ ተጋግሮ እንደ ምጣድ ጥላሸት ጠጥሯል። በጥፍሬ ፈቅፈቅ ሳደርገው ከሥሩ ነጭ ቀለም ይላጣል፤ ከነጩ ሥር ደግሞ ዝገት ብቅ ይላል። የውጭውን ቀለም ለመንካት ዘንድሮ አቅም የለኝም። ስለዚህ የዚህ በጋ ሥራዬ አንድ ብቻ ነው፦ የሞተሩን ክፍል አጽድቼ፣ ዝገቱን ገድዬ፣ የሚገባውን ቀለም መቀባት። የሚገባው ቀለም የትኛው እንደሆነ ግን ገና አላወቅሁም። ማስታወሻውን የምይዘው ለዚህ ነው፤ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን እዚህ ጥያቄ ላይ መድረሱ አይቀርም።

ከሰዓት በኋላ ግማሽ ሰፈር ተሰብስቦ መከረኝ። ጎረቤታችን ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው፤ «ጥቁር ቀባው፣ ዘይት ቢፈስም አይታይብህም» አለኝ። የመለዋወጫ ነጋዴው «ሙቀት የሚችለውን ግዛ፣ 600 ዲግሪ የሚለውን፤ ሞተር አጠገብ ሌላ ቀለም አይበረክትም» አለ። ብርማ ይሁን ያለም ነበር። የጎረቤቴ ምክር ከቅን ልብ የመጣ ነው፤ እኔ ግን ዘይቱ እንዲታየኝ ነው የምፈልገው። ቮልስ ዘይት ስታንጠባጥብ ከየት እንደሆነ በጊዜ ካልተደረሰበት፣ 2.5 ሊትር ብቻ የምትይዝ ሞተር ሳትነግርህ ትደርቃለች። ጥቁር ከዝርዝሩ ወጣ።

ኅዳር 12

ሚካኤል ነው፤ ኅዳር የሚታጠንበት ቀን። በየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል፣ ሰፈሩ በጭስ ታፍኗል። አያቴ ይህን ጭስ ባየች ቁጥር በ1911 የገባውን የኅዳር በሽታ ከእናቷ እንደሰማችው ትነግረን ነበር። ዛሬ መፍቻ አልነካሁም።

እማዬ ቡና እያፈላች «ምን ልትቀባት አሰብህ?» አለችኝ።

«እንደ ውጭዋ ነጭ መሰለኝ።»

«ነጭ አልነበረችም እኮ ልጄ። አባትህ ሲያመጣት ሰማያዊ ነበረች።»

እኔም እህቴም ሳቅን። እኛ ነፍስ ካወቅን ጀምሮ ቮልሷ ነጭ ናት። ተነሥቼ ሊብሬዋን አመጣሁ፤ ቀለም በሚለው ቦታ ላይ «ነጭ» ይላል። እማዬ ሊብሬውን አየት አድርጋ መለሰችልኝና «ወረቀት የጻፈው ሰው እኔን ጠይቆኛል?» ብላ ስኒዎቹን ማጠብ ጀመረች።

ኅዳር 14

ሞተሩ ወረደ። ቮልስን የሚወድ ሁሉ ይህን ቀን ይወደዋል፤ ሞተሩን ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የያዙት አራት ቡሎኖች ብቻ ናቸው። የቤንዚን ጎማውን ነቅሎ ጫፉን መድፈን፣ የነዳጅ መስጫውን ሽቦ መፍታት፣ የዲናሞውንና የኮይሉን ገመዶች ምልክት እያደረጉ መንቀል፣ የማሞቂያውን ሽቦዎች ማላቀቅ፣ ከዚያ ክሪክ ከሥር አስገብቶ ወደ ኋላ መሳብ። ከአጎቴ ልጅ ጋር ሁለት ሰዓት ፈጀብን። አንድ ቡሎን ዳዶው አብሮ እየዞረ አስቸግሮን ነበር፤ እሱ ከላይ በፒንሳ ይዞ እኔ ከሥር ፈታሁት።

ሞተሩ ሲወጣ ክፍሉ ባዶ ጓዳ ይመስላል። ሦስቱን ግድግዳ የሸፈነ ሬንጅ የጠጣ ወፍራም ካርቶን አለ፤ ፋብሪካው ድምፅና ሙቀት እንዲቀንስ ያስገባው ነው፣ በትንንሽ የላሜራ ምላሶች ተይዟል። እርጥበት አብጦት የታችኛው ጫፉ እንደ ረጠበ ድርቆሽ ይፈረካከሳል። ምላሶቹን አንድ በአንድ በካቻቢቴ ቀና አደረግሁ። በኃይል የታጠፈ ምላስ ይሰበራል፣ ተክቶ መበየድ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ከዚያ ካርቶኑን ከላይኛው ጥግ ይዤ ቀስ ብዬ ሳብሁት።

ሰማያዊ።

ካርቶኑ በሸፈነው ቦታ ሁሉ፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ ጥልቅ ሰማያዊ። ፀሐይ አላየውም፣ ዘይት አልነካው፣ ነጩን የቀባው ሰውም ካርቶኑን ስላልነቀለው ከሥሩ አልደረሰም። ጨርቅ በላርጎ ውኃ ነክሬ አንድ መዳፍ የምታህል ቦታ ጠረግሁ። ብርሃኑ ሲያርፍባት ከጠዋቱ ጣና ትንሽ ጠቆር ያለች፣ አረንጓዴ የማይነካት፣ የምታብረቀርቅ ቀለም ናት። ጫፏ ላይ ነጩ እንደ ወንዝ ዳር አረፋ መስመር ሠርቶ ቆሟል።

እማዬን ጠራኋት። ጎንበስ ብላ አየች፣ ጣቷን አስነካችው፤ ምንም ሳትል ረጅም ጊዜ ቆየች። ከዚያ «ቀሚሴን በሷ መልክ ነበር ያሰፋሁት» ብላኝ ገባች።

ኅዳር 15

እሑድ ስለሆነ መዶሻ አላነሣሁም፤ አነበብሁ እንጂ። ቮልስዋገን በዚያ ዘመን ለእያንዳንዱ ቀለም በኤል የሚጀምር ቁጥር ይሰጥ ነበር፤ ቁጥሩ ከፊት ኮፈን ሥር፣ ትርፍ ጎማው አካባቢ በወረቀት ተለጥፎ ይወጣል። የእኛዋ ወረቀቱ ጠፍቶ የሙጫው ምልክት ብቻ ቀርቷል። በ1965 ሞዴል ከነበሩት ሰማያዊዎች አንዱ ኤል 519፣ ባሃማ ሰማያዊ የሚሉት ነው፤ እሱ ፈካ ያለ ነው። ሌላው ኤል 360፣ ጀርመኖቹ ሜርብላው፣ የባሕር ሰማያዊ የሚሉት ጠቆር ያለ ነው። የእኛዋ ያለ ጥርጥር ሁለተኛው ናት።

ፋብሪካው የቮልስን የሞተር ክፍል ግድግዳ ይቀባ የነበረው በመኪናዋ በራሷ ቀለም ነው። ጥቁር የነበሩት በሞተሩ ዙሪያ ያሉት ላሜራዎች፣ የማራገቢያው ቤት፣ ዲናሞውና የአየር ማጣሪያው ናቸው። እንግዲህ የመልኩ ጥያቄ ተመለሰልኝ፤ ግድግዳው ሰማያዊ፣ ላሜራዎቹ ጥቁር። ውጭዋ ለጊዜው ነጭ ሆኖ ይቆያል፤ እሱን መለወጥ ሊብሬው ላይ ያለውን ቀለምም ማስለወጥ ይጠይቃል፣ ጊዜው ሲደርስ ይደረጋል። ኮፈኑ ሲከፈት ግን ሰማያዊ ትሆናለች።

ኅዳር 22

አሁን የዓይነቱ ጥያቄ ነው። መልክ ላይ ሰው ሁሉ ሐሳብ አለው፤ ዓይነት ላይ ግን ብዙ ሰው በጆሮው የሰማውን ነው የሚደግመው። ስለዚህ ራሴ ልሞክረው ወሰንሁ። አንድ ባትላሜራ፣ የመኪና ላሜራ የሚቀጠቅጥ ሰው፣ ከአሮጌ በር የተቆረጡ አራት የላሜራ ቁራጮች ሰጠኝ፤ ዝገታቸውን በብርጭቆ ወረቀት አንሥቼ እያንዳንዳቸውን በአንድ ዓይነት ቀለም ቀባኋቸው። አንደኛው ሲንተቲክ ነው፣ ለብረት በርና መስኮት የሚሸጠው። ሁለተኛው ናይትሮ፤ የድሮ ቀለም ቀቢዎች ስለሚወዱት አስገባሁት። ሦስተኛው ማድረቂያው ተለይቶ የሚመጣው ቱኬ ነው፤ በኋላ የማነሣው አንድ ቀለም ቀቢ ከተረፈው ነፋልኝ። አራተኛው ያ 600 ዲግሪ የሚለው በቆርቆሮ የሚነፋ ጥቁር።

የናይትሮው ቁራጭ ገና ሳይደርቅ አስተማረኝ። ማታ፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ ነበር የቀባሁት። ሲነጋ ፊቱ ላይ ነጭ ጉም ተኝቶበታል። ቲነሩ ቶሎ ሲተን ላሜራውን ያቀዘቅዘዋል፤ ከሐይቁ የሚመጣው እርጥበት ደግሞ እርጥቡ ቀለም ላይ ያርፋል፣ እዚያው ይታሰራል። በጣና ዳር በማታ ናይትሮ መቀባት እንደማይሆን በዓይኔ አየሁ።

ኅዳር 29

ለሙከራው አንድ ሳምንት አደረቅኋቸው። ፖሊቴክኒክ የሚያስተምር ጓደኛዬ ሙቀት በብርሃን የሚለካ መሣሪያ ቀደም ብሎ አውሶኝ ነበር። ከሰል ምድጃ ጓሮ አስቀምጬ ቁራጮቹን ከፍ አድርጌ በሽቦ አንጠለጠልሁ፤ ላሜራው 120 ዲግሪ ሲደርስ ግማሽ ሰዓት አቆየሁት። ከዚያ ሁሉም ላይ ቤንዚን የነከርሁት ጥጥ ለሩብ ሰዓት አስቀመጥሁ።

ከምድጃው በፊት ከእያንዳንዱ ቁራጭ ግማሹን ቆርጬ ያላሞቅሁት አስቀርቼ ነበር። ትልቁን ነገር ያየሁት በዚያ ነው። ያልሞቀው የ600 ዲግሪ ቀለም ጥጡን ሳነሣ አብሮ ተነሣ፤ ጥጡ ጥቁር ሆነ፣ ላሜራው ባዶውን ቀረ። 120 ዲግሪ የሞቀውም ቢሆን በጥፍር ይላጣል። ቆርቆሮው ላይ ያለውን መመሪያ በደንብ ሳነበው ምክንያቱ ገባኝ፤ ይህ ቀለም የሲሊኮን ዘር ነው፣ እስከ 200 ዲግሪ ገደማ ቀስ በቀስ ካልተጋገረ በቅጡ አይጠነክርም። ማርሚታ፣ ማለትም የጭስ ማውጫው ላይ ሲቀባ ማርሚታው ራሱ ይጋግረዋል። የሞተር ክፍል ግድግዳ ግን እንኳን 200 አንድ መቶም አይደርስም። ሞተሩን ከማውረዴ በፊት ለግማሽ ሰዓት አስነሥቼ ስለካው ግድግዳው 58 ዲግሪ ነበር። ሁሉም ሰው በቅንነት የመከረኝ «ሙቀት የሚችል» ቀለም ለዚህ ግድግዳ ከአራቱ ሁሉ ደካማው ነው። ግድግዳውን የሚያሠቃየው የሚንጠባጠብ ቤንዚን፣ የዘይት ትነትና የሌሊት እርጥበት ነው፤ እሳት እዚያ አይደርስም።

ሲንተቲኩ ቤንዚኑ ያረፈበት ቦታ ለስልሶ ተሸበሸበ። ወር ሁለት ወር ቢቆይ ይጠነክር ይሆናል፤ እኔ ግን የቤንዚን ፓምፕ አጠገብ አላምነውም። ናይትሮው ቤንዚኑን ቻለ፣ ሙቀቱ ግን መልኩን ወደ ቢጫ ወሰደው፣ ቁራጩን ጠምዘዝ ሳደርገውም ተሰነጣጠቀ። ቱኬው ጥጡን ሳነሣለት አንፀባረቀ። በጨርቅ ጠረግሁት፣ ጠመዘዝሁት፣ የአሮጌ ዘይት ሳህን ውስጥ ሌሊቱን አሳደርሁት። ምንም አልሆነም።

የማብረቅረቁን ነገርም አሰብሁበት። ማት፣ ማለትም የማያበራ ቀለም፣ ዛሬ ብዙ ሰው ይወዳል፤ ጉድፍም ይደብቃል። ዓይን የማይለየው ሻካራነት ግን ዘይትን ይይዛል፤ በጨርቅ ስትጠርገው ይዛመታል እንጂ አይነሣም። የሚያብረቀርቅ ይሁን።

ታኅሣሥ 5

ግድግዳውን ሳጸዳ ሦስት ቀን ሄደ። መጀመሪያ ናፍጣ በብሩሽ፣ ከዚያ ላርጎና ሙቅ ውኃ፣ ከዚያ ሽቦ ብሩሽ፣ በመጨረሻ ብርጭቆ ወረቀት፣ 80 ለዝገቱ፣ 180 ለቀሪው። ቅደም ተከተሉ መለወጥ የለበትም፤ ዘይቱ ሳይወጣ ብርጭቆ ወረቀት ያሳረፈ ሰው ዘይቱን ላሜራው ውስጥ ይቀብረዋል። ቀኝ በኩል ታችኛው ጥግ ላይ እርጥቡ ካርቶን የተኛበት ቦታ የሃምሳ ሳንቲም ያህል ቀዳዳ ወጣ። ባትላሜራው ቆርጦ በየደልኝ።

በክራንክኬዙ፣ ማለትም በሞተሩ ዋና ቤት ላይ፣ ከዲናሞው መቀመጫ ሥር የተመታውን የሞተር ቁጥር በፕላስተር ሸፈንሁት። ለቦሎ ስትቀርብ የሚታየው ያ ቁጥር ነው። በቀለም መድፈንም በብርጭቆ ወረቀት መላግም ራስን ችግር ውስጥ መክተት ነው።

ባዶው ላሜራ አንድ ሌሊት ሳይሸፈን ቢያድር በጠዋት ብርቱካንማ ይሆናል፤ የጣና ጤዛ ምሕረት የለውም። ስለዚህ ሲመሽብኝ እጄ ላይ የነበረውን ቀዩን አንቲረስት፣ የዝገት መከላከያ ቀለም፣ በብሩሽ ቀባሁት። ከዚያው ቀለም አንድ የሙከራ ቁራጭም አብሬ ቀባሁ።

ታኅሣሥ 12

ቀለም ቀቢውን ሄጄ አየሁት። ሥልሳውን ያለፈ ሰው ናቸው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ከመርጫው ጋር ኖረዋል። ቀይዋን ቁራጭ ይዤላቸው ሄድሁ።

«ጋሼ፣ አንቲረስቱን ቀብቼ ጨርሻለሁ፤ ቱኬውን ብቻ ቢነፉልኝ።»

ቁራጯን ገለበጡ፣ አሸተቱ። «በምን ነው የቀባኸው?»

«በሲንተቲኩ አንቲረስት።»

አልተናገሩኝም። ትንሽ ቱኬ በማድረቂያ በጥብጠው ነፉባትና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት። «ቆመህ እያት» አሉኝ።

መጀመሪያ ደህና ነበረች፣ እንደ መስታወት። አምስት ደቂቃ እንኳን አልሞላም፤ መሃሏ ላይ አንድ ሽብሽብ ተነሣ፣ ከጎኑ ሌላ፣ ከዚያ ሁሉም ፊቷ በአንዴ እንደ ፈላ ወተት ስልባቦት ተጨማደደ። የቱኬው ጠንካራ ቲነር ከሥር ያለውን ያልጠነከረ ሲንተቲክ አብጦ እንዲነሣ አድርጎታል።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ሂድና ሁሉንም አንሣው» አሉኝ ጋሼ። «ከላይ ምን እንደሚመጣ ሳታውቅ ከሥር ምንም አትቀባ። ለቱኬ ኢፖክሲ ነው መሠረቱ።»

ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ያንኑ ቀይ ቀለም ስፈቀፍቅ ዋልሁ። በማግሥቱም ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቀጠልሁ፤ እማዬ እሑድ መሆኑን አስታውሳኝ ነበር፣ በኋላ ግን ራሷ ሙቅ ውኃ አመጣችልኝ። ሰኞ ጠዋት ባዶው ላሜራ ላይ ጋሼ የሰጡኝን ባለ ሁለት ክፍል ኢፖክሲ ሁለት እጅ ቀባሁ። ደግሜ እጽፈዋለሁ፣ ማንም እንዳይረሳው፦ ባዶ ብረት ላይ ኢፖክሲ፣ ከላዩ ቱኬ።

ታኅሣሥ 17

ከሥራ መልስ መልኩን ለማስበጥበጥ ወደ አንድ ቀለም መሸጫ ሄድሁ። ከካርቶኑ ሥር የወጣውን መልክ የያዘ ቁራጭ፣ ባትላሜራው ከቆረጠው የግድግዳ ጥግ ላይ ያዳንሁትን፣ በጥጥና በኮምፓውንድ፣ በቀለም ማብሪያ ቅባት፣ አሽቼ አብርቼው ነበር፤ የደበዘዘ ናሙና የደበዘዘ ቀለም ነው የሚወልደው። በጥባጩ በዓይኑ ነው የሚሠራው። ሰማያዊ፣ ትንሽ ጥቁር፣ ጠብታ ነጭ፣ ቀይ በእንጨት ጫፍ። ቱቦ መብራቱ ሥር ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያደርጋቸው አንድ ሆኑ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ከፈልሁ።

ደጅ ወጥቼ የአሥራ አንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ ሳየው አዲሱ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ተመልሼ ገባሁ። ሰውዬው መጀመሪያ አላመነኝም፤ ወጥቶ ሲያየው ዝም አለ። ሁለት ቀለሞች ከተለያየ ዱቄት ከተሠሩ በአንድ መብራት ሥር አንድ መስለው በሌላው ሊለያዩ ይችላሉ። እሱ የተጠቀመበት ሰማያዊ አረንጓዴ የሚነካው ዓይነት ነበር። ሌላ፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሰማያዊ አውጥቶ እንደገና ጀመረ፤ በዚህ ጊዜ በየጠብታው ደጅ እየወጣን አየነው። ሦስተኛው ሙከራ ላይ ናሙናዬን አዲሱ ቀለም መሃል ሳስቀምጣት ጠፋች፤ ጠርዟን በጣቴ ካልዳሰስሁ አላገኛትም ነበር። አንድ ሊትር ወሰድሁ። ለክፍሉ ከግማሽ ሊትር ብዙም አያልፍም፤ የተረፈው ለነገ መፈቃፈቅ መጠገኛ ነው።

ታኅሣሥ 26

ባለፈው ቅዳሜ ገብርኤል ስለነበር ለዛሬ ተላለፈ። የሰፈር ልጆች ገፍተው ጋሼ ግቢ አደረሷት።

ሰዓቱን የመረጡት ጋሼ ናቸው፤ ጠዋት 4 ሰዓት። ከዚያ በፊት ላሜራው ቀዝቃዛ ነው፣ ጤዛ ይይዛል። ከቀትር በኋላ ደግሞ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ አቧራና ትንኝ ያመጣል። መሬቱን ውኃ ረጩት። የኮምፕሬሰሩን ሆድ ከሥር ከፍተው ያጠራቀመውን ውኃ አፈሰሱ፤ ሁለት ብርጭቆ ያህል ወጣ። ያ ውኃ ሳይወጣ ቢነፋ ቀለሙ ላይ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ይቀር ነበር።

አንድ ነገር ላይ ተከራከርኋቸው። የቱኬ ማድረቂያ አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለው፤ ተንኖ ሲተነፈስ ሳንባን ያቃጥላል፣ አስም ያመጣል፣ አንዴ ከለከፈ ደግሞ ትንሽ ሽታ እንኳን ሊያስነሣው ይችላል። ዋነኛው መከላከያ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያመጣ ጭንብል ነው፤ እሱ አልነበረንም። ጋሼ በሻሽ ነበር የሚነፉት። አዲስ ማጣሪያ ያለው ጭንብል ገዝቼ ይዤ ስለነበር «ያለዚህ አያስነሡም» አልኋቸው። «ስንት ዘመን ነፍቻለሁ፤ ምን ሆንሁ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ይህችን ለእኔ ሲሉ» አልኋቸው፤ ሳቁና አጠለቁት። መጠለያው ሁለት ጎኑ ክፍት ነው፣ ልጆቹን ሁሉ ከግቢ አስወጣን።

ሁለት እጅ ቀለም፣ አንድ እጅ ማድረቂያ፣ ከመቶ አሥር እጅ ቲነር። መጀመሪያ ጥጋጥጎቹንና ማጠፊያዎቹን፣ ከዚያ ሰፊውን ፊት ነፉ። የመጀመሪያው እጅ ስስ ነበር፣ ኢፖክሲው ያሳያል። ሩብ ሰዓት ጠበቁ፤ ጀርባውን በጣታቸው ነክተው ሲያጣብቅ ግን ሳይከተላቸው ሲቀር ሁለተኛውን ነፉ። ሁለተኛው ሲያርፍ ሰማያዊው መጣ።

ከመጀመራቸው በፊት አንድ ነገር ለምኜያቸው ነበር። በክፍሉ ዙሪያ ጠባብ ቦይ አለ፤ የሞተሩን ላሜራ ከግድግዳው የሚያገናኘው ዙሪያ ጎማ የሚገባበት። ያ ጎማ ጌጥ አይደለም። ቮልስ የሚቀዘቅዘው በአየር ብቻ ነው፤ ማራገቢያው አየር የሚስበው ከሞተር ክፍሉ ነው። ጎማው ከሌለ ከሲሊንደሮቹና ከማርሚታው የሚወጣው ትኩስ አየር ከሥር ተመልሶ ይገባል፣ ሞተሩ የራሱን ትንፋሽ ደግሞ ይተነፍሳል። ብዙ አሮጌ ቮልሶች «ይሞቃሉ» ተብለው የሚታሙት በዚህ ጎማ መጥፋት ነው። ቦዩ ውስጥ ቀለም ከወፈረ ደግሞ ጎማው አይገባም። ጋሼ ቦዩን ወደ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በስስ አለፉት። ቀጭን እንጨት ላይ ጨርቅ ጠምጥሜ የተጠራቀመውን ጠረግሁ።

ጥር 3

ሳምንት ሆነው። በጥፍሬ ተጫንሁት፤ ምልክት አይዝም። ዛሬ የሞተሩን ላሜራዎች፣ የማራገቢያውን ቤትና የአየር ማጣሪያውን ግማሽ በሚያበራ ጥቁር ቱኬ ጨረስን። የሲሊንደሮቹን ክንፎችና የአሉሚኒየም ቴስታውን (የሲሊንደሮቹን ክዳን) አንድም ጠብታ እንዳይነካቸው ሸፈንሁ። በክንፎቹ መሃል የሚያልፈው አየር ነው ሙቀቱን የሚወስደው፤ የተደራረበ ቀለም እዚያ ሲያርፍ ብርድ ልብስ ይሆናል። የማግኒዚየም ቅልቅል የሆነውን ክራንክኬዝም አጥቤ እንዳለ ተውሁት። ያ 600 ዲግሪ ቀለምም ቦታውን አገኘ፤ ማርሚታው ላይ።

ጥር 17

ከጥምቀት መልስ ሞተሩን አስገባነው። ግድግዳውን እንዳንፍቅ አሮጌ ብርድ ልብስ በሁለቱም ጎን አንጠለጠልን። አዲሱን ሬንጅ ካርቶን ሳስገባ ከታች ትንሽ ክፍተት አስቀረሁ፤ እርጥበት እንደ ድሮው እንዳይተኛ።

ዙሪያ ጎማው ላይ ተንበርክኬ አንድ ሰዓት ፈጀሁ። ሳሙና ውኃ ቀብቼ ከግራው ጥግ ጀመርሁ። በየጣቱ ስፋት እየገፋሁ፣ ካቻቢቴ ሳላስነካው፣ በአውራ ጣቴ ብቻ። መሃል ላይ ሲደርስ አንድ ቦታ እምቢ አለ። ጎማውን መልሼ አወጣሁትና በጣቴ ስዳስስ የስንዴ ቅንጣት የምታህል የደረቀ የቀለም እንባ አገኘሁ፤ በ400 ብርጭቆ ወረቀት አስተካከልኋት። ከዚያ ጎማው «ጥቅ» ብሎ ገባ፤ እስከ ቀኙ ጥግ ሳያስቸግረኝ ሄደ።

ጥር 24

በ1 ሰዓት ጠዋት እማዬን ከፊት አስቀምጬ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ወጣን። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ጎተተችልን፤ ከላይ ሆነን ዓባይ ከጣና ተለይቶ ሲወርድ አየን። ኮፈኑን ከፍቼ መሣሪያውን ደቀንሁ። ግድግዳው 61 ዲግሪ። ምንም ሽታ፣ ምንም መሸብሸብ የለም።

እማዬ ከጎኔ መጥታ ወደ ውስጥ አየች። «ትንሽ ይፈካ ነበር» አለችኝ።

«ፀሐዩ ነው እማዬ፤ ካርቶኑ ሥር ያገኘነው ራሱ ነው።»

«እሺ፤ አንተ ታውቃለህ» አለች፣ ነጠላዋን ግን ከኮፈኑ ጠርዝ አላነሣችም።

ቤት ገብተን ሲቀዘቅዝ በነጭ ጨርቅ ግድግዳውን ጠረግሁ። በግራ በኩል፣ ከቤንዚን ፓምፑ ትይዩ፣ ሰማያዊው ላይ አንድ ቡናማ መስመር ወርዷል፤ እንደ ክር ቀጭን፣ ወደ አራት ጣት ርዝመት። በጣቴ ነካሁት፣ አሸተትሁት። የሞተር ዘይት ነው። የፓምፑ ሥር ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) እያላበ መሆን አለበት። ቡሎኖቹን ሩብ ዙር አጠበቅሁ፤ ማክሰኞ አዲስ ጓርኒሲዮን ገዝቼ እቀይራለሁ።